የተማሪው አንደበትና የድምፅ ሞገድ

ከሚሴ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የኒውተንን ሕግ በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳ ተጠይቆ ዝም ቢል አላወቀውም ማለት አይደለም። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ በገበያው አማርኛም ይሰማል፤ 9ኛ ክፍል ሲደረስ ግን ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው፣ ተማሪው «ፕላዝማ» ይለው የነበረው የሳተላይት ትምህርት ለንግግር ብዙም አልረዳም። ቴሌቪዥኑ ተናጋሪ፣ ተማሪው አድማጭ ነበርና።

ዲጂታል ትረካ ይህን ይገለብጠዋል። ዳና አችሊና ጆ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካሊፎርኒያ ያስፋፉት ይህ ዘዴ ተራኪው ታሪኩን በራሱ ድምፅ ቀድቶ፣ ጥቂት ሥዕሎች አክሎበት፣ አጭር ፊልም የሚያደርግበት ነው።

እኛን የፊዚክስ መምህራንን የሚስበን ቀረጻው ነው። የእጅ ስልክ ድምፅን በሰከንድ 16,000 ጊዜ ቢለካና እያንዳንዱን ልኬት በ2 ባይት ቢያስቀምጥ፣ የ3 ደቂቃ ትረካ ሳይጨመቅ እንኳ 6 ሜጋባይት አይሞላም። ኢንተርኔትም አያሻም። ልኬቱ በሰከንድ 8,000 ብቻ ከሆነ ግን ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ይጠፋል፤ በስልክ «ስ» እና «ፍ» የሚምታቱብን በዚሁ ምክንያት ነው።

የተቀዳው ሞገድ በኮምፒውተር ሲታይ የቋንቋው ጠባይ በዓይን ይነበባል። በአፋን ኦሮሞ «ላፋ» አናባቢዎቹ ሲያጥሩ መሬት፣ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «ገና» ሲላላ «እስከ አሁን»፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። የከሚሴው ልጅ ሁለቱንም ልዩነት በጆሮው ይዞ ይመጣል። የእንግሊዝኛው በግና መርከብ በርዝመት ብቻ ባይለያዩም፣ እነርሱን መለየት ከብዙዎቻችን ይልቅ ሳይቀለው አይቀርም።

አንድ እንቅፋት አለ፤ እርሱም የራስን ድምፅ ሰምቶ ማፈር ነው። ስንናገር ድምፃችን ወደ ውስጠኛው ጆሮ የሚደርሰው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንትም ነው፤ አጥንቱም ወፍራሙን ድምፅ ያጎላዋል። ቅጂው በአየር ብቻ ስለሚመጣ ቀጭንና ባዕድ ይመስላል። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ቢነግር ተማሪው «ይህ እኔ አይደለሁም» ብሎ ስልኩን አያስቀምጥም።

ተረትስ ከየት ይምጣ ለሚሉን፣ ብሪቲሽ ካውንስልና ደራሲዋ ኤልዛቤት ሌርድ ከየክልሉ ያሰባሰቧቸው ተረቶች በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፈው ይገኛሉ። ለእኛ ግን አያት የነገሩት ይበልጥብናል፦ መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ እንደወረደ ይቀዳ፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ ተማሪው «አሁን ይሁን» እስኪል ድረስ ደጋግሞ።