ታዋቂ ድምፃዊን በፊልም መጫወት፦ የሚባለውና የሆነው

ታዋቂ ድምፃዊን በፊልም የተጫወተ ተዋናይ ዕድሉ ይሰምራል የሚሉ አሉ። ሚናው ስሙ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆኖ ቢመጣ ማንም አያምነውም የሚሉም አሉ። ወረታም ሆነ ሌላ ከተማ፣ ትወና የሚመኝ ወጣት ከሁለቱ አንዱን ይዞ ይገኛል፤ «መልኬ እገሌን ይመስላል» ብሎ የሚጠራው ሰው የሚጠብቅም አይጠፋም። የተዋንያኑ ሕይወት ግን ሦስቱንም አይደግፍም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«በአንድ ሌሊት ኮከብ ያደርጋል»

ለእኛ የምትቀርበውን እንይ። ሩት ነጋ አዲስ አበባ ተወለደች፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ናቸው፤ ያደገችውም አየርላንድ ነው። በ2011 ቢቢሲ ባቀረበው «ሸርሊ» የተባለ የቴሌቪዥን ፊልም የዌልሷን ዝነኛ ድምፃዊት ሸርሊ ባሲን ሆና ተጫወተች፤ በዚያ ሥራም በአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት አሸነፈች። የኦስካር ዕጩነት ግን የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ለዕይታ በበቃው «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ነው። በመሐል ያለው ጊዜ በአብዛኛው በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ያለፈ ነው። ከ«ሸርሊ» በፊትም ደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና ተምራለች፤ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቴአትር በ2010 በ«ሐምሌት» ኦፌሊያን ተጫውታለች። ባሲን ስትጫወት ጀማሪ አልነበረችም።

«ከዚያ ሚና መውጣት አይቻልም»

ይህንንም የምታፈርሰው ራሷ ሩት ናት። ባሲ መድረክ ሞልታ የምትዘፍን ሴት ናት። በ«ላቪንግ» ሩት የተጫወተቻት ሚልድረድ ላቪንግ ደግሞ ነጭ በማግባቷ ከቨርጂኒያ የተሰደደች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትናገር የገጠር ሴት ነች። የጥቁርና የነጭ ጋብቻን የሚከለክሉትን ሕጎች በ1967 የሻረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ የእሷና የባለቤቷ ጉዳይ ነበር። ሁለቱን ሴቶች ያያቸው ሰው አንዲት ተዋናይ ናት ለማለት ይቸገራል። በ2022 ሩት ብሮድዌይ ላይ ሌዲ ማክቤዝን ተጫውታ ለቶኒ ሽልማት ታጨች።

እንዲህ ባለ ሚና ላይ እርግማን አለ የሚሉ ሰዎች ተዋናዩን ኤፍ. መሪ ኤብራሃምን ይጠቅሳሉ። በ1984ቱ «አማዴዎስ» ፊልም ድምፃዊ ሳይሆን የሙዚቃ ቀማሪ የሆነውን ሳሊየሪን ተጫውቶ ኦስካር ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ያንን የሚያህል ዋና ሚና አላገኘም። እውነት ነው። ነገር ግን ሥራ አልፈታም፤ በ2022 «ዘ ዋይት ሎተስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ላይ ሲታይ ሰማንያውን አልፎ ነበር።

«ኦስካር የሚገኘው በዚህ ነው»

ጄሚ ፎክስ (ሬይ ቻርልስን)፣ ማርዮን ኮቲያር (ኤዲት ፒያፍን)፣ ራሚ ማሌክ (ፍሬዲ መርኩሪን) ሆነው አሸንፈዋል። ኦስቲን በትለር ኤልቪስን፣ ቲሞቲ ሻላሜ ቦብ ዲላንን ሆነው ታጭተው አላሸነፉም፤ ታሮን ኤጀርተን ኤልተን ጆንን ሆኖ በራሱ ድምፅ ቢዘፍንም አልታጨም። ማሌክም ቢሆን መርኩሪን ከመጫወቱ በፊት፣ በ2016፣ ኤሚ ተሸላሚ ነበር።

«ድምፁ ካልተመሳሰለ አይሆንም»

ከሁሉም በላይ ወጣቶቻችንን የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል። በፒያፍ ፊልም ውስጥ በአብዛኛው የሚሰማው ዘፈን የኮቲያር ድምፅ አይደለም። የማሌክም ዘፈን በዋናነት የመርኩሪ ቅጂና የሌላ ድምፃዊ ቅልቅል ነው። ፎክስ በተጫወተበት «ሬይ» ፊልም ውስጥም ብዙው ድምፅ የቻርልስ የራሱ ነው፤ ፒያኖው ላይ ያሉት ጣቶች ግን የፎክስ ናቸው። ፎክስ ከልጅነቱ ጀምሮ ፒያኖ ተምሯል። ለቀረጻውም የዓይኖቹ ቆብ ተሸፍኖ ለሰዓታት ምንም ሳያይ ሠርቷል። ድምፅ በስቱዲዮ ይቀላቀላል፤ እጅ፣ ትንፋሽና አቀማመጥ ግን ከሰውየው ካልመጡ ከየትም አይመጡም።

እኛም ዘንድ ትወናና ዘፈን ባዕዳን አልነበሩም። በክራሯ የምናውቃት አስናቀች ወርቁ በመድረክ ተዋናይነትም ፈር ቀዳጅ ነበረች። በሁለቱም መድረክ ላይ ያቆማት ሥራዋ ነው።

አንድ ቀን የታዋቂ አዝማሪ ታሪክ በፊልም ቢሠራ፣ ከባዱ ዳኛ የፎገራና የጎንደር ተመልካች ነው። የአካባቢው ሩዝ ተሰብስቦ ጥር ሲገባ ከሠርግ ሠርግ አዝማሪ እያየ ያደገ ሰው ማሲንቆ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ክሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ብቻ ነው፤ ጣት ይነካዋል እንጂ እንደ ጊታር እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ደጋኑ በሌላው እጅ ይሄዳል፣ አፍ ደግሞ ከታዳሚው «ተቀበል» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም ወዲያው መልሶ ያዜማል። ሦስቱን አንድ ላይ ማስኬድ በመልክ መመሳሰል አይገኝም። ያንን ሚና የሚመኝ ወጣት ካሜራ ከመፈለጉ በፊት አዝማሪ ዘንድ ሄዶ ከእግሩ ሥር ይቀመጥ፤ አዝማሪው ማሲንቆውን አስይዞ ስህተቱን ይንገረው።