ኮክፒቱ ሳይሠራ አብራሪውን ማስላት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:38 ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 አየር ላይ የቆየው ስድስት ደቂቃ ያህል ነበር። አንድ የተሳሳተ ሴንሰር ባስከተለው ቀውስ የዋናው አብራሪ መሪ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ የግራና የቀኙ ፍጥነት መለኪያ አይስማሙም፤ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። በዚህ ሁሉ መሀል ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ይደፍቃል። 157 ሰዎች አለቁ።

አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ሲነደፍ ስለ አብራሪው የተያዘ ግምት ነበር፤ ችግሩን ለይቶ በ4 ሰከንድ ገደማ ምላሽ ይሰጣል የሚል። ቦይንግ ይህን ሲፈትሽ ግን ኤምካስን ለብቻው ነበር የቀሰቀሰው፤ ሴንሰር ሲበላሽ አብረው የሚመጡት ማስጠንቀቂያዎች በሙከራው አልተካተቱም። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ያወጣው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኩባንያው የሙከራ አብራሪ በምስለ በረራ ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ እንደወሰደበት ደግሞ ኋላ ተገልጿል።

እንዲህ ያለውን ግምት በስሌት የሚፈትን ሙያ አለ፤ የሰው ብቃት ሞዴሊንግ ይባላል። በወታደሩ ቤት ብዙ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካ ጦር አንድ አብራሪ ብቻ የሚያበርረው አዲስ ሄሊኮፕተር አስቦ ነበር። ማክራከንና ኦልድሪች የተባሉ ተመራማሪዎች የበረራ ተልዕኮን ወደ ጥቃቅን ሥራዎች በታተኑት። እያንዳንዷ ሥራ ከዓይን፣ ከጆሮ፣ ከአእምሮና ከእጅ የምትጠይቀውን እስከ 7 በሚደርስ ነጥብ መዘኑ፤ በአንድ ቅጽበት የሚደራረቡትንም ደመሩ። ድምሩ ከልክ ካለፈ አብራሪው አይችለውም ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲሆን ከሁለት ሰዎች ይልቅ እጅግ ደጋግሞ ከልክ እንደሚያልፍ ስሌቱ አሳየ። ሄሊኮፕተሩ በመጨረሻ ኮማንቼ ተብሎ ሲበርር ሁለት ወንበር ነበረው።

የሙያው ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ይታየኛል፦ ስንት ሰው ይቀመጥ፣ የትኛው ሥራ ለኮምፒውተር ይሰጥ፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ ዝም ይበል የሚለው ብረት ሳይቆረጥ ይወሰናል። ነጥቡን የሚሰጡት ግን ሰዎች ናቸው፤ ድንጋጤም በቀላሉ አይመዘንም። ስለዚህ ስሌቱ በምስለ በረራ፣ በተራ የመስመር አብራሪዎች፣ ማስጠንቀቂያው ሁሉ በአንድ ላይ እየጮኸ መፈተን አለበት። ቦሌ ባለው የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ አብራሪዎች የሚለማመዱት ተነድፎ ባለቀ ኮክፒት ነው፤ የንድፉን ስህተት በሥልጠና ይሸፍኑ ማለት ግፍ ይመስለኛል።

የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ያወጣው ሕግ አብራሪዎች እንዴት ምላሽ እንደሚሰጡ የሚያዙ ግምቶች እንዲከለሱ አዟል። ኤምካስም ዛሬ የሁለት ሴንሰሮችን ንባብ ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ ሥራ አይጀምርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ዳግም ያበረረው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው።