መሬት ስትናወጥ የሚፈታ ከረጢት

አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር በዜናው መካከል የአንድ መሥሪያ ቤት ስም ይነሣል፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ በአጭሩ ዩኤስጂኤስ። ስለ ምድር የሚናገረውን ደጋግመን ሰምተናል። እሱ ራሱ ምን በልቶ እንደሚያድር ግን ብዙም አልተወራም። የዛሬው ዓምዳችን እጁን የሚሰድደው ወደዚህ መሥሪያ ቤት ኪስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? መሥሪያ ቤቱ ለብቻው የወጣ የማቋቋሚያ ሕግ አልነበረውም። ፕሬዚዳንት ራዘርፎርድ ሄይስ ማርች 3 ቀን 1879 በፈረሙት የልዩ ልዩ ወጪዎች የበጀት ሕግ ውስጥ ከሌሎች ወጪዎች ጋር ተሸጉጦ ተወለደ። ለዳይሬክተሩ የዓመት ደመወዝ 6,000 ዶላር፣ ለሥራው 100,000 ዶላር ተመደበለት። ከዚያ በፊት አራት የጥናት ቡድኖች ከሁለት ሚኒስቴሮች ገንዘብ እየተቀበሉ የምዕራቡን ምድር ሲለኩ ነበር፤ አንዳንዴም አንዱ የለካውን ሌላው ይደግመዋል። ኮንግረሱ ለአንድ ሥራ ደጋግሞ መክፈል ሰለቸው።

ያው ሕግ አንድ ጥብቅ ክልከላም ይዟል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በሚያጠኑት መሬትና ማዕድን ላይ የግል ጥቅም ሊኖራቸው አይችልም፤ ለግለሰብም ሆነ ለኩባንያ ጥናት መሥራት አይፈቀድላቸውም። ክልከላው ዛሬም እንደጸና ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ክላረንስ ኪንግም ለዚህ የተገባ ሰው ነበር። በ1872 ሁለት አጭበርባሪዎች በኮሎራዶ በረሃ አልማዝና ሩቢ በትነው «አዲስ የአልማዝ መስክ አገኘን» ሲሉ የሳን ፍራንሲስኮ ባለ ገንዘቦች ለመግዛት ተሰልፈው ነበር። ኪንግ ቦታው ድረስ ሄዶ ነገሩ ዘር እንደመዝራት የተደረገ መሆኑን አጋለጠ።

አሁን የመሥሪያ ቤቱን በጀት ወዳስቆረጡት ጥርሳም ወፎች እንለፍ፤ ይህ ታሪክ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ዳይሬክተር ጆን ዌስሊ ፓውል ቀኝ እጁን በ1862 በሻይሎ ጦርነት ያጣ፣ በአንድ እጁ ግን የኮሎራዶን ወንዝ በጀልባ የወረደ ሰው ነበር። በ1888 ኮንግረሱ በምዕራቡ ደረቅ ምድር የትኛው መሬት በመስኖ ሊለማ እንደሚችል እንዲለይ አዘዘው፤ ገንዘብም ሰጠው። ፓውል ትእዛዙን የምሩን ያዘው። ጥናቱ እስኪያልቅ የመሬት እደላው ታገደ፤ እሱም ውኃው ለመሬቱ ሁሉ እንደማይበቃ በግልጽ መናገር ጀመረ። መሬት ሻጮችና የምዕራብ ሴናተሮች ሊሰሙት ያልፈለጉት ይህንኑ ነበር። በ1890 የመስኖ ጥናቱ ገንዘብ ተቋረጠ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1892 የአላባማው የምክር ቤት አባል ሂላሪ ኸርበርት የመሥሪያ ቤቱ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ኦትኒየል ማርሽ ስለ ጥንታዊ ጥርሳም ወፎች የጻፈውን ውድ ኅትመት ይዘው ብቅ አሉ። ግብር ከፋዩ ለጥርሳም ወፍ ሊከፍል ነው ወይ የሚል መሳለቂያ በአዳራሹ ተዛመተ። በጀቱ ክፉኛ ተቆረጠ፤ ፓውልም ለማርሽ ገንዘቡ መቋረጡንና ሥራውን ወዲያው እንዲለቅ የሚገልጽ ቴሌግራም ላከለት። ራሱ ፓውልም በ1894 ለቀቀ። የተሳለቁባቸው ወፎች ቻርልስ ዳርዊን ለዝግመተ ለውጥ ጥሩ ድጋፍ ናቸው ብሎ ያደነቃቸው ግኝቶች ነበሩ። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ቀጥሎ የተሾመው ነው። ከኮንግረሱ ጋር ታርቆ በጀቱን መልሶ ያሳደገው ቻርልስ ዋልኮት ራሱ የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነበር!

ያውቁ ኖሯል? የመሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያው የወንዝ ፍሰት መለኪያ ጣቢያ የተተከለው በ1889 በኒው ሜክሲኮ፣ ኤምቡዶ በተባለ ቦታ ነው። ዛሬ ጣቢያዎቹ ከ8,000 በላይ ናቸው። ወጪውን ግን የፌዴራሉ መንግሥት ብቻውን አይሸፍንም። በ1895 ከካንሳስ ጋር በተጀመረው የመጋራት ልማድ ክፍለ ግዛቶች፣ ከተሞችና የውኃ ድርጅቶች፣ በድምሩ 1,400 ገደማ ሸሪኮች፣ ያዋጣሉ። ስለዚህ አንድ ከተማ መዋጮውን ካቋረጠ ለአሥርት ዓመታት የተለካ ወንዝ መለካቱ ሊቆም ይችላል። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት በነዚሁ ቁጥሮች ይተማመናል፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስም እንዲሁ። የተቋረጠ መዝገብ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሞላም። ያለፈውን ክረምት ማን ሊለካው ይችላል?

ወንዝ ካነሣን አይቀር፦ የዓባይን ተፋሰስ አጥንቶ በ1964 ሪፖርቱን ያወጣው ከዚሁ ተቋም ጋር በአንድ የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሥር ያለው እህት መሥሪያ ቤት፣ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ ቢሮ ነው። በሱዳን ድንበር አጠገብ ለግድብ የሚሆን ቦታ በጥናቱ ተጠቁሞ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይንስ በ1960ዎቹ ገንዘብ በገንዘብ የሆነው በመሬት መንቀጥቀጥ ፍራቻ አይደለም። አሜሪካ የሌሎች አገሮችን የምድር ውስጥ የኒውክሌር ሙከራ ለመሰለል በመከላከያ ገንዘብ 120 ያህል ተመሳሳይ የመለኪያ ጣቢያዎችን በዓለም ዙሪያ ተከለች። አንዱ አዲስ አበባ ነበር፤ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን ባቋቋሙት የዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ። ካህኑ በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም የዘርፉ ባለሙያ ሁሉ የሚያገላብጠው ነው። ለቦምብ ስለላ የተተከለው መሣሪያ የሪፍት ሸለቆን መናወጥ መዘገበ።

ዛሬስ? ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ፉሪ ተራራ ላይ አንድ ጣቢያ አለ። ዩኤስጂኤስና የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በጋራ ገንዘብ ከሚያቆሟቸው 150 ገደማ የዓለም አቀፍ መረብ ጣቢያዎች አንዱ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ስለ በጀት የሚደረግ ክርክር ፉሪ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

እሳተ ገሞራም በጀት ያናግራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከፈነዳ በኋላ። ሜይ 18 ቀን 1980 ሴንት ሄለንስ ተራራ ሲፈነዳ 57 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱ አንዱ ተራራውን ሲከታተል የነበረው የዩኤስጂኤስ ባለሙያ ዴቪድ ጆንስተን ነው። የካስኬድ እሳተ ገሞራዎች መከታተያ ጣቢያ የተቋቋመው ከዚያ ወዲያ ነው። በ1985 የኮሎምቢያው ኔቫዶ ዴል ሩዊዝ ባወረደው የጭቃ ጎርፍ ከ20,000 በላይ ሰው አለቀ። በዓመቱ ዩኤስጂኤስና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ገንዘብ አዋጥተው ለሌሎች አገሮች የሚደርስ የእሳተ ገሞራ አደጋ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ በ1991 ከፊሊፒንስ ባለሙያዎች ጋር የፒናቱቦን ፍንዳታ አስቀድሞ ተናገረ። ቢያንስ 5,000 ሰው ከሞት፣ ቢያንስ 250 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ንብረትም ከጥፋት እንደተረፈ ተገምቷል። ያልሞተ ሰው ግን ምክር ቤት ቀርቦ አይመሰክርም፤ ይህን መሥሪያ ቤት ሁሌም የሚገጥመው ችግርም ይኸው ይመስለኛል።

ተቃራኒውም አለ። በካሊፎርኒያ ፓርክፊልድ መንደር ከ1993 በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ ይደርሳል ተብሎ በ1980ዎቹ ገንዘብ ፈሰሰ፤ መሣሪያው ተደረደረ። መንቀጥቀጡ የመጣው በ2004 ነው። ለገንዘብ ሰጪዎች ቀጠሮ መያዝ ክፉ ነገር ነው። መሣሪያዎቹ ግን ሳይነቀሉ ቆይተው ስለነበር መንቀጥቀጡ ከዳር እስከ ዳር ተለካ።

ያውቁ ኖሯል? የላንድሳት ሳተላይት ምስል በነጻ የሚገኘው ከ2008 ወዲህ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት በ1972 ወጣ። በ1980ዎቹ መንግሥት «የግል ኩባንያ ያትርፍበት» ብሎ ሥራውን ሲያስተላልፍ የአንድ ምስል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደረሰ። ገበያው አልደራም፤ ተመራማሪው ሸሸ። ላንድሳት 7 በ1999 ሲመጣ ዋጋው ወደ 600 ዶላር ወረደ፤ ያም ሆኖ ምርጥ በተባለው ዓመት የተሸጠው 25,000 ያህል ምስል ነው። ዩኤስጂኤስ መዝገቡን ሁሉ በነጻ ሲለቅ ግን በአንድ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምስል ተወሰደ። ተቋሙ ራሱ ባሠራው ግምት የ2023 ጥቅሙ 25.6 ቢሊዮን ዶላር ነው። ግምት ግምት ነው፤ ገንዘብ ጠያቂው ራሱ ሲያሠራው ደግሞ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ግን ግማሹን ቢጥሉለት እንኳ ከተቋሙ የዓመት በጀት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእኛም ዘንድ ስለ ደን መመናመን ወይም ስለ ጣና እምቦጭ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ያለ ነጻ የሳተላይት ምስል ምን ይውጠው ነበር?

ይህንን ብዙዎቻችን አናውቀውም፦ በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ድርቅ ከሚባለው፣ ከ1984–85ቱ የኢትዮጵያና የሱዳን ረሃብ በኋላ፣ በ1985፣ በዩኤስኤአይዲ ገንዘብ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ (ፊውስ ኔት) ተቋቋመ። ከሳተላይት የዝናብና የአረንጓዴ ሽፋን መረጃ ከሚያቀርቡለት አንዱ ዩኤስጂኤስ ነው። ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥራት የሚያሳየው ቺርፕስ የተባለው መዝገብም በተቋሙና በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ባርባራ ባለሙያዎች የተሠራ ነው። በ2025 መጀመሪያ የዩኤስኤአይዲ ገንዘብ ሲታገድ የመረቡ ድረ ገጽ ለወራት ጠፋ። ረሃብን ለማስታወቅ የተሠራ ደወል ገመዱ ከሌላ አገር ኪስ ጋር መታሰሩን ያየነው ያኔ ነው።

የኮንግረስ ምርጫ ያሸነፉት ሪፐብሊካኖች በ1995 ዩኤስጂኤስን ጨርሶ ለመዝጋት ሐሳብ አቅርበው እንደነበርስ? አልተሳካም። በምትኩ የማዕድን ቢሮው በ1996 ተዘጋና የማዕድን ስታቲስቲክስ ሥራው ለዩኤስጂኤስ ተሰጠ፤ የሥነ ሕይወት ጥናት ክፍልም ተጨመረለት። ሊዘጋ የነበረው ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኖ አረፈው።

አሁን ወደ ቅርቡ። የ2024 በጀቱ 1.455 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ለአሜሪካ ሕዝብ ቢካፈል ለአንድ ሰው በዓመት ከ5 ዶላር በታች ነው፤ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ማኪያቶ ለመግዛት እንኳ ያጠራጥራል። የትራምፕ አስተዳደር ለ2026 የጠየቀው ወደ 892 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከሲሶ በላይ ይቆረጥ ማለት ነው። በተለይ የሥነ ሕይወት ጥናቱን ክፍል ሊያጠፋው ምንም ያልቀረው ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ ይጠይቃሉ እንጂ ገንዘቡን የሚወስነው ኮንግረሱ ነው፤ በ2025 ክረምት የሁለቱም ምክር ቤቶች ኮሚቴዎች ከተጠየቀው በብዙ የሚበልጥ ረቂቅ አዘጋጁ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ግን በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለ43 ቀን ተዘጉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳተ ገሞራ ክትትል «ለሕይወት አስፈላጊ» ተብሎ አይቋረጥም፤ ተረኛው ግን ደመወዙን የሚያገኘው በሩ ሲከፈት ነው።

ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፦ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ሬስተን፣ እናንተው ሠፈር ነው። ኦገስት 23 ቀን 2011 በክፍለ ግዛቱ የደረሰው 5.8 መንቀጥቀጥ የዋሽንግተንን ሐውልት ሰነጣጥቆ እስከ ሜይ 2014 አዘጋው። የ15 ሚሊዮን ዶላሩን ጥገና ግማሽ የከፈሉት አንድ ባለጸጋ፣ ዴቪድ ሩበንስታይን ናቸው። ስለዚያ መንቀጥቀጥ «ተሰምቶኛል» ብለው ለተቋሙ በኢንተርኔት ቅጽ የሞሉት ሰዎች ከ140,000 በላይ ነበሩ። ደመወዝ የማይከፈለው ይህ የመረጃ ሠራዊት አዲስ አበባ ተቀምጠው ለሚናወጡም ክፍት ነው።

ገንዘብ ፍርሃትን ብቻ አይከተልም፤ ጉጉትንም ይከተላል። በ2010 ጋዜጦች አፍጋኒስታን አንድ ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ ማዕድን አላት ብለው ሲጽፉ ከጀርባው ፔንታጎንና የዩኤስጂኤስ ጂኦሎጂስቶች ነበሩ። የ2021ዱ የመሠረተ ልማት ሕግ ደግሞ አገር ውስጥ ማዕድን የሚፈለግበትን ካርታ ለማንሣት 320 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ተቋሙ የሚያዘጋጀው «ወሳኝ ማዕድናት» ዝርዝርም እያበጠ ነው፤ በ2018 35፣ በ2022 50፣ በ2025 60 ደርሷል። በመጨረሻው ላይ ከተጨመሩት አንዱ ፖታሽ ነው፤ በ1960ዎቹ ራልፍ ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዳሎል ላይ ሲቆፍርለት የነበረው ያው የማዳበሪያ ጨው።