ኤችዲኤምአይ ወይስ ዲስፕሌይፖርት? ገመዱ ገጥሞ ምሥሉ ለምን አይመጣም?

በሰሜን ምሥራቅ ናይሮቢ፣ በቲካ ጎዳና አቅራቢያ በምትገኘው ካሳራኒም ሆነ በሌሎች የከተማዋ ክፍሎች፣ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ለተማሪዎችና ለጀማሪ ነጋዴዎች ሁነኛ አማራጭ ናቸው።

ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ለመሥሪያ ቤቶች ነው። ለምሳሌ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ቪጂኤ እና ዲስፕሌይፖርት የተባሉ የምሥል መውጫዎች ሲኖሩት፣ ኤችዲኤምአይ ግን የለውም። የመኖሪያ ቤት ቴሌቪዥኖች ደግሞ በአብዛኛው የሚቀበሉት ኤችዲኤምአይን ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? ገዢውስ ምን ማወቅ አለበት?

ሁለት ስታንዳርዶች

ኤችዲኤምአይ በአውሮፓውያኑ 2002 መጨረሻ ይፋ የሆነው ሶኒ፣ ፊሊፕስ እና ቶሺባን ጨምሮ በሰባት ኩባንያዎች ነው። ምሥልንና ድምፅን በአንድ ገመድ ስለሚያስተላልፍ የቴሌቪዥኑን ዓለም ተቆጣጠረ። አምራቾች ዓመታዊ ክፍያ፣ በተጨማሪም በእያንዳንዱ ዕቃ የሚታሰብ ጥቂት የዶላር ሳንቲም ይከፍሉበታል።

ዲስፕሌይፖርትን በ2006 ያስተዋወቀው ቬሳ የተሰኘው የኢንዱስትሪ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በእያንዳንዱ ዕቃ ክፍያ አይጠይቅም። ይህም ስታንዳርድ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችና ስክሪኖች ላይ ተስፋፋ።

አቅጣጫው ወሳኝ ነው

ሁለቱ ምሥል የሚልኩበት ስልት የተለያየ ነው። ሆኖም አብዛኞቹ የኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርቶች የኤችዲኤምአይን ምልክትም መላክ ይችላሉ። በመሆኑም ከእንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ወደ ቴሌቪዥን ለማገናኘት ርካሽ አዳፕተር ይበቃል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤችዲኤምአይ ያለውን ላፕቶፕ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ካለው ስክሪን ጋር ለማገናኘት፣ ምልክቱን የሚቀይር ቺፕ ያለው አዳፕተር ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ቢገጥምም ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀራል።

ዩኤስቢ-ሲስ?

ከ2014 ወዲህ የዲስፕሌይፖርት ምልክት በዩኤስቢ-ሲ በኩልም እንዲያልፍ ተፈቅዷል። ይሁንና የመሰኪያው ቅርጽ አንድ መሆኑ ለምሥል ዋስትና አይሆንም። በርካታ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች በዚሁ መሰኪያ ኃይል ከመሙላትና ፋይል ከማስተላለፍ ያለፈ ሥራ አይሠሩም።

ፉክክሩ ቀጥሏል

በ2025 ይፋ የሆነው ኤችዲኤምአይ 2.2 በሰከንድ እስከ 96 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ዲስፕሌይፖርት 2.1 እስከ 80 ይደርሳል። በዚያው ዓመት የቻይና ኩባንያዎች ጂፒኤምአይ የተባለ፣ እስከ 192 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ተፎካካሪ ይዘው ቀርበዋል።

ሙሉ ኤችዲ ቴሌቪዥን ላለው ቤተሰብ ግን ይህ ፍጥነት የሚጨምረው ነገር የለም፤ ያንን የምሥል ጥራት የመጀመሪያው ኤችዲኤምአይም ያስተላልፍ ነበር። ስለዚህ ውድ ገመድ ከመግዛት ይልቅ የሁለቱን መሣሪያዎች መሰኪያዎች ስም መለየት፣ አዳፕተሩ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚቀይር መጠየቅ፣ ከተቻለም እዚያው ሱቅ ውስጥ ሰክቶ መሞከር ገንዘብ ያድናል።