የቅዳሜ ሌሊት በዋሽንግተን

ልጁን ወደ ባሕር ማዶ የላከ ቤተ ሰብ ስለ ልጁ ኑሮ የሚያውቀው በስልክ የሚሰማውን ያህል ነው፤ ስልኩም የሚያመጣው ወሬ «ደኅና ነኝ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ብርዱ ብቻ በረታብን» ከሚለው አያልፍም። እኛም የእኅታችን ልጅ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ከዚህ የበለጠ አናውቅም ነበር፤ ይኸውም በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ወደዚያ ሄደን አምስት ሳምንት ከቤቱ እስከ ተቀመጥን ድረስ ነው። ይህን የምንጽፈው እሱው ፈቅዶልን፥ «ጋሼ፥ ስሜን ብቻ አያንሡብኝ» ብሎን መሆኑን አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲያውቁልን እንወዳለን።

ወጣቱ የ29 ዓመት ሰው ነው። በሒሳብ ሥራ ተመርቆ፥ ለሦስት ዓመት በሚጸና ውል በ2015 ዓ.ም. መስከረም ከአዲስ አበባ ሄደ። ኑሮውን ሊመሠርት የሄደ አይደለም፤ ሊከርምና ሊመለስ ነው። ቤቱ በገባን ጊዜ ከአንድ አልጋ፥ ከአንድ ጠረጴዛና ከሁለት ወንበር በቀር ምንም አላየንም፤ ለመስኮቱ እንኳ መጋረጃ የለውም። «ምነው?» ብንለው «ለሦስት ዓመት ምን ያደርግልኛል?» አለን። በዚያን ሰዓት ነገሩን እንደ ቁጠባ ቈጥረን አመሰገንነው። ኋላ ግን እንዳስተዋልነው፥ ስለ ገዛ ሰውነቱም የሚያስበው ስለ መጋረጃው እንደሚያስበው ነበረ፤ እውነተኛው ኑሮ አገር ቤት ሲመለስ የሚጀመር፥ እስከዚያ ድረስ ያለው ቀን ከዕድሜ የማይቈጠር ይመስለው ነበር።

ማታ ማታ የሚሄድበት ሰፈር ዩ ስትሪት የሚባለው መንገድ አካባቢ ነው። ይህ ሰፈር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጥቁር አሜሪካውያን የጥበብና የንግድ አደባባይ ነበረ፤ ታላቁ የሙዚቃ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በተነሣው ሁከት ብዙው ቤት ተቃጥሎ ሰፈሩ ለረጅም ዘመን ተጐሳቍሎ ቈየ። በ1991 የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ከተከፈተለት በኋላ ግን ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። ቀድሞ በአዳምስ ሞርጋን በ18ኛው መንገድ ይበዙ የነበሩት የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችም እያደር ወደዚህ ወደ 9ኛው መንገድ መጡ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የበርበሬ ሽታ ይቀበለዋል፤ በፊደላችን የተጻፈ ሰሌዳ ያነባል።

ከልደት በኋላ በነበረው ቅዳሜ «እኔ የምሄድበትን ይዩ» ብሎ አብረን ወጣን። በዕድሜያችን የማይገባን ቦታ እንደ ነበረ አልጠፋንም። ያየነውን እንናገር ካልን ግን፥ ወጣቱን ወደዚያ የሚስበው መጠጡ ብቻ አይደለም። አምስት ቀን ሙሉ በመሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝኛ ሲናገር ይውላል፤ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ ማታም ወደ ባዶ ቤት ይገባል። ክረምታቸው በሆነው በጥር ወር ደግሞ ፀሐይዋ 11 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ከዚያ ደጅ ሲደርስ ግን ዘበኛው ሳይቀር በስሙ ይጠራዋል፥ አስተናጋጇም «እንዴት ሰነበትህ?» ትለዋለች። እኛ ራሳችን ከበሩ ስንገባ ደስ አለን፤ ይህን ብንሸሽግ ሐሰተኞች እንሆናለን።

የከተማው ሕግ ዓርብና ቅዳሜ መጠጥ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እንዲሸጥ ይፈቅዳል። እኛ በነበርንበት ጊዜ ባቡሩ በእነዚያ ሌሊቶች 7 ሰዓት ላይ ያቆም ስለ ነበረ፥ ያ ባቡር ያመለጠው ሁሉ «እንግዲህ ካመለጠን» እያለ እስከ መዝጊያው ይቀመጣል።

ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን የልጁ ስልክ ጮኸ። ፈጥኖ ተነሣና ካፖርቱን እንኳ ሳይለብስ ወደ ውጭ ሮጠ። ተከትለን ብንወጣ በብርዱ ቆሞ «አዎ እማዬ፥ አሁን እራት በልቼ መተኛቴ ነው» ሲል ሰማነው። በክረምት የአዲስ አበባ ሰዓት የዋሽንግተንን በ8 ሰዓት ይቀድማል፤ እኅታችን እሑድ ከቅዳሴ ወጥታ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ስትደውል ልጇ ያለው ገና በቅዳሜ ሌሊት ውስጥ ነው። በየሳምንቱ በዚያችው ሰዓት ትደውላለች፤ በየሳምንቱም ይህንኑ ይነግራታል።

ልጁ ስለ ጤናው አይገደውም ብንል እንበድለዋለን። እንዲያውም በየጊዜው አዲስ ሰው ሊሆን ይነሣል። ከቤቱ አጠገብ ካለው የስፖርት ቤት የዓመት ክፍያ ተዋውሎ አራት ቀን ሄዷል፤ ገንዘቡ ግን በየወሩ ከባንክ ይወጣል። ውድ የሩጫ ጫማ ገዝቶ አንድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ በሮክ ክሪክ ደን ሮጧል፤ በግማሽ መንገድ ራሱን አዙሮት ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ታክሲ ጠራ። የአትክልት መጭመቂያም አለው። መጭመቂያው የሚታጠብበት ጊዜ ከሚጨመቅበት ስለሚበልጥ ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ተሰቅሏል። በእናቱ እጅ የተዘጋጀው ሽሮ ግን ከሥሩ በከረጢት እንደ ታሰረ አገኘነው።

ከሁሉም ያሳቀን የጃንዩወሪ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ፥ የዓመቱን የመጀመሪያ ወር 31 ቀን ያለ መጠጥ የማሳለፍ ልማድ አለ፤ ልጁም ከጓደኞቹ ጋር ይህን ጀመረ። እናቱ ከኅዳር 15 ቀን አንሥታ የነቢያትን ጾም ይዛ ሳለች ልጇ ከእንግሊዞች ጾም መበደሩ ገረመን። ስድስት ቀን ጸናና በሰባተኛው ዐረፈ፤ ሰባተኛው ቀን የእኛ ልደት ነበረና። እዚህ ላይ የራሳችንን በደል እንናገር፤ «በዓል አይደለም እንዴ? አንድ ብርሌ ጠጅ ምን ያደርግሃል?» ብለን ያስቀዳንለት እኛው ነን። አንዱ ሦስት ሆነ፤ ከእራት በኋላም ጓደኞቹ መጥተው ወሰዱት። በማግሥቱ ሰኞ ከሥራ ቀረ። ለመምከር የሄደ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ከማየት የሚያሳፍር ነገር የለም።

ሙከራው ሁሉ ለምን እንደሚከሽፍ ሐኪሞች የሚሉትን ብንመረምር ነገሩ የፈቃድ ድካም ብቻ አይደለም። ልጁ በሥራ ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይተኛል፤ በሰንበት ግን ሌሊት 10 ሰዓት ተኝቶ ረፋዱ 5 ሰዓት ይነሣል። ይህ የአምስት ሰዓት ልዩነት ነው፤ ከዋሽንግተን እስከ ለንደን ያለውም ይኸው ነው። እንግዲህ ሰውነቱ በየሳምንቱ ለንደን ደርሶ ይመለሳል ማለት ነው። በጀርመን የሙኒክ ሊቅ ቲል ሮነበርግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን ከረጅም በረራ ድካም ጋር አመሳስለው ስም አውጥተውለታል። ሰኞ ጧት ለስፖርት ሊነሣ የሚታገለው ልጅ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው።

መጠጡም የራሱን ይጨምራል። መጠነኛ ብርታት ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው፤ ጉበትም ይህን ለማስወገድ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሌሊቱን ስምንት ጠርሙስ የጠጣ ሰው በ9 ሰዓት ቢተኛ አካሉ ገና ሥራ ላይ ነው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፥ ነገር ግን የእንቅልፉን ሁለተኛ እኩሌታ ይቈራርጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳት የሌለበት የመጠጥ መጠን የለም ብሏል።

በጥር አጋማሽ በረዶ ጥሎ ነበርና የሳል መድኃኒት ልንገዛ አብረን ወደ መድኃኒት ቤት ሄድን። በዚያ የደም ግፊት የሚለካ ወንበር ነበረ። እኛ ተለካን፤ እሱም እየሳቀ ተቀመጠ። መሣሪያው 148 በ96 አለ። በአሜሪካ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በያዙት ሥርዓት ከ130 በ80 ጀምሮ ያለው ከፍተኛ ይባላል። አንድ ጊዜ ተለክቶ በሽተኛ ነህ አይባልም፤ ይህንንም ነገርነው። ነገር ግን አባቱ በ51 ዓመታቸው በዚሁ በደም ግፊት ጠንቅ በድንገት ወድቀው ዐርፈዋል፤ ያን ጊዜ ልጁ የ14 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ወድቀው ያገኛቸውም እሱ ነው። ከወንበሩ ሳይነሣ ብዙ ቈየ። እኛም የምንለው አጣን።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ ብለን አንዋሽም። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዘ። ቅዳሜን አልተወም፤ ነገር ግን አመሻሹ ላይ ሄዶ እራቱን ይበላና ሰውን ተጫውቶ በመጨረሻው ባቡር ይመለሳል፤ ይህንንም ከሦስት ሳምንት ሁለቱን ፈጸመ። የስፖርት ቤቱን ውል አፈረሰ። ሽሮውንም ከሥር አወጣነው።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን፥ አጠገባችን ተቀምጦ ለእናቱ ደወለ። «እማዬ፥ ከእንግዲህ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ብትደውዪልኝ ይሻለኛል፤ ያ ሰዓት እዚህ ሌሊት ነው» አላት። ስልኩ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ እኅታችን እንዲህ ስትል ሰማን፤ «ሌሊት መሆኑንማ ከጎረቤት ልጅ ጠይቄ ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። ዘፈኑም ይሰማኛል። ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ከዚያ ቤት ወጥተህ አየር እንድታገኝ ብዬ ነው የምደውለው።»