አውቶብስ የማያሳየው ጎጃም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና ተሳፋሪ ምዕራብ ጎጃምን የሚያውቀው በመስኮት ነው። ደንበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፦ ስማቸውን ከታፔላ ላይ ያነባል፤ አውቶብሱ ለምሳ ከቆመ አንዷን ይረግጣል፤ ከዚያ ያልፋል። ጉብኝት ሲባል በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው ላሊበላ፣ አክሱም ወይም ጎንደር ነው፤ ማለትም አንድ ታላቅ ነገር አንድ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሰው እሱን ብሎ ሄዶ፣ እሱን አይቶ ይመለሳል። ምዕራብ ጎጃም እንዲህ ያለ አንድ ግዙፍ ነገር ስለሌለው «የሚታይ የለውም» ተብሎ የሚታለፍ አገር ሆኗል። የእኔ ክርክር ግን ሌላ ነው። የዚህ አገር ሀብት አንድ ቦታ አልተከመረም፤ በመንገዱ ላይ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ተበትኗል። እንዲህ ያለውን አገር ለማየት ደግሞ ከሞተር ሳይክል የተሻለ መጓጓዣ የለም።

እንግሊዞች ይህን ዓይነት ጉዞ ከያዙት ቆይተዋል። እሑድ ጠዋት ሞተር አስነስቶ፣ በጠባብ የገጠር መንገድ ከመንደር መንደር እያለፉ በባሕር ዳርቻ ካለች ከተማ መድረስ፣ በልቶ ጠጥቶ ማታ ቤት መግባት በዚያ አገር የተለመደ መዝናኛ ነው። በየዓመቱ በሜይ ወር መጀመሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሞተረኞች ወደ ሄስቲንግስ የባሕር ዳርቻ ይጎርፋሉ። በደርቢሻየር ያለችው ማትሎክ ባዝ ከባሕር የራቀች ትንሽ ከተማ ብትሆንም እሑድ እሑድ የመንገዷ ዳር በተደረደሩ ሞተሮች ይሞላል፤ ሻይ ቤቶቿና የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጡ ሱቆቿም ከእነሱ ያተርፋሉ። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ ሰዎች የሚሄዱት አንድ ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት ፍለጋ አለመሆኑ ነው። መንደሩን፣ ጠመዝማዛውን መንገድና አየሩን ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ትንንሾቹ ከተሞችም ይህን ፍላጎት ገበያ አድርገውታል።

አሁን ወደ እኛው መንገድ እንምጣ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡሬ 2,100 ሜትር ይጠጋል፤ ከዚያ በጢሊሊ አልፎ አዊ ውስጥ ዘንገና ሐይቅ ሲደረስ ከፍታው 2,500 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ርቀቱ ስልሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአውቶብስ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ ለውጥ ቁጥር ብቻ ነው። በሞተር የሚሄድ ሰው ግን በደረቱ ያውቀዋል፦ ፍኖተ ሰላም ላይ የተከፈተው ጃኬት ጢሊሊ ሳይደርስ ይቆለፋል። ሞተሩም ያውቀዋል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው አየር ከአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ አገራችን ውስጥ የሚበዙት እንደ ቦክሰር ያሉ አነስተኛ ሞተሮች በዚያው መጠን አቅማቸው ይቀንሳል፤ በአራተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዳገት ሦስተኛ ይጠይቃል። ዳር ዳሩን የሚታየውም አብሮ ይለወጣል። በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ጃቢ ጠህናን ማንጎ፣ በቆሎና ዳጉሳ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በማንኩሳና በቡሬ ዙሪያ በየግቢው የተሰጣ በርበሬ መሬቱን ያቀላዋል፣ ሽታውም መንገድ ድረስ ይወጣል። ከፍ ሲሉ ድንችና ቀርከሃ ይተካሉ። ከዚያ በመደዳ የቆሙ ቀጫጭን ዛፎች ይመጣሉ። መንገደኛ የተፈጥሮ ደን ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የገበሬ ሰብል ነው። አካሲያ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። በአዲስ አበባ ምድጃ ላይ የሚነደው ከሰል ከፊሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ይህን ለማወቅ ከከሰል ማዳበሪያው አጠገብ ቆሞ ባለቤቱን መጠየቅ ይበቃል። አውቶብስ ለዚህ አይቆምም፤ መኪናም ቢሆን ዳር መያዣ ፈልጎ እስኪቆም ነገሩ ያልፋል። ሞተር ሰው ባየበት ቦታ ይቆማል።

የተፈጥሮው ይህን ያህል ከሆነ የታሪኩና የጽሑፉ ደግሞ ይብሳል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ኢትዮጵያዊ ማንኩሳን ያውቃታል፤ የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ፣ የኖሩት እዚያ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በስም የሚያውቃት ከተማ በአውቶብስ መስኮት የደቂቃዎች ዕድሜ ብቻ አላት። ትንሽ አለፍ ሲባል ቡሬ ነች። በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ፣ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ባሳደሩበት ጫና ከቡሬ ምሽጉ የወጣው የኢጣሊያ ጦር ወደ ደንበጫ ሲያፈገፍግ፣ መንገድ ላይ ከሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጥሞ ብዙ ደም ፈስሷል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ የገቡት በዚህ በኩል ነው። በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ስም የምናስታውሰው የአምስት ዓመት ተጋድሎ በዚህ ምድር የተካሄደ ነው። የጦር ሜዳን ታሪክ ለመረዳት ደግሞ ከመጽሐፉ ባልተናነሰ መሬቱን ማየት ይጠቅማል፤ ወንዙ የት ጋ እንደሚሻገር፣ ኮረብታው መንገዱን ከየት እንደሚገዛው በዓይን ካላዩት አይገባም።

«ለማየት ብቻ መጓዝ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። የጎጃም ሰው ተጓዥ ነው፤ ለንግሥ፣ ለጠበል፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ ቀናት ሙሉ ይሄዳል። ሰከላ ያለው የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ጄምስ ብሩስ ደርሰውበት በአውሮፓ ዝናቸው የወጣበት ስፍራ ቢሆንም፣ ከእነሱ አስቀድሞም ከእነሱ በኋላም ምእመናን ለጠበሉ ሲመላለሱበት ኖረዋል፤ ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ዕለት ዛሬም ሕዝብ ይሰበሰብበታል። ማሽከርከርና መጋለብን በተመለከተ ከእንግሊዝ መዋስ እንኳ አያስፈልግም። እንጅባራ ላይ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረስ በዐድዋ ድል ያበረከተውን አስተዋፅኦ ለማሰብ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ማኅበሩ ሽማግሌ፣ ደንብና ሥርዓት አለው። በአንድ መጓጓዣ ፍቅር ዙሪያ ሰው እንዴት እንደሚደራጅ፣ አዛውንቱ ወጣቱን እንዴት እንደሚገራ የሚያሳይ አርአያ አጠገባችን አለ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የሰላም ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል በጦርነት ውስጥ አልፏል፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ፍኖተ ሰላም ራሷ የሰው ሕይወት የጠፋበትን የዚያ ነሐሴ ወር ጥቃት አትረሳውም። ሞተር ደግሞ በተለይ ይጠረጠራል። አዲስ አበባ ከሐምሌ 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተሮችን ያገደችው ለዝርፊያ መጠቀሚያ ሆነዋል በሚል ነው፤ በክልሉ ከተሞችም በተለያዩ ጊዜያት እንቅስቃሴያቸው ተገድቧል። ሰው ከቀበሌ ቀበሌ ለመሄድ በሚሰጋበት ጊዜ ማንንም «ተነስና ተዝናና» ማለት አይገባም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ጦርነት ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቀላል ነፃነት መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ዱላ ሳይዙ፣ መታወቂያ ለማሳየትም ሳይቆሙ ከቡሬ የፈጣምን ወንዝ ተሻግሮ ጢሊሊ ቡና ጠጥቶ መመለስ መቻል የሰላም መለኪያ ነው። መንገዱ ሲከፈት ስለ ቱሪዝም የሚያቅዱ ሰዎች ከትልልቅ ሆቴሎች ሳይሆን ከዚህ ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

የመንገድ አደጋውም እውነተኛ ነው። ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባትና የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ያለባት ከተማ በመሆኗ ከባድ መኪና ይበዛባታል። በክረምት ደግሞ ከአስፋልት የወጣ ሁሉ የጎጃም ቀይ አፈር ምን ያህል እንደሚያዳልጥ ያውቃል፤ ወደ ሰከላ የሚወስደውን መንገድ በሐምሌ መሞከር ድፍረት አይደለም፣ ጥፋት ነው። በአንድ ሞተር ሦስት ሰው መጫንና ያለ ሄልሜት መሄድ እንደ ልማድ ተይዟል። ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ ታይቷል። እንግሊዝም ብትሆን ሄልሜትን በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ልማድ ስለሚለወጥ መልሱ ሞተሩን ማስቀረት አይደለም። ለሥራ የሚሮጥ ሞተረኛ ቸኩሎ፣ ጭኖ፣ መሽቶበት ይነዳል፤ አገር ለማየት የወጣ ሰው ግን ቀን መርጦ፣ ፍሬኑንና ጎማውን አይቶ፣ በቀስታ የሚሄድበት ምክንያት አለው። ይህ ልማድ ከተስፋፋ በሥራ ቀን አነዳድ ላይም ይታያል ብዬ አምናለሁ።

«ድሃ አገር ውስጥ ይህ ቅንጦት ነው» ለሚሉ ሒሳቡን ላቅርብ። ሞተሩ አለ፤ የልማት ሠራተኛው፣ የጤና ባለሙያው፣ ነጋዴው ለሥራ ገዝተውታል ወይም ተሰጥቷቸዋል። በመንግሥት ሞተር መዝናናት ተገቢ ስላልሆነ እሱን እንተወው፤ የራሱ ሞተር ያለው ግን ከፍኖተ ሰላም ዘንገና ደርሶ ለመመለስ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄድ ሦስት ሊትር ቤንዚን ገደማ ይበቃዋል። ቤንዚን በወረፋ ወይም በሀይላንድ ተቀድቶ በውድ የሚገዛበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው፤ እንዲያም ሆኖ ይህ ወጪ ባሕር ዳር ሄዶ ከማደር ይቀላል። ገንዘቡ የሚበተንበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። ትልቅ የጉብኝት ስፍራ ላይ ገንዘቡ በአንድ በር ይገባል። ሞተረኛ ግን ማንኩሳ ላይ ለጀበና ቡና፣ ቡሬ ላይ ለምሳ፣ ጢሊሊ ላይ ለጎሚስታ፣ ዘንገና ዳር ሞተሩን ለሚጠብቅለት ልጅ ይከፍላል። እነዚህ ሰዎች የጎብኚ ቁጥር በሚመዘገብበት መዝገብ ውስጥ አይገኙም፤ ስለዚህ ዕቅድ ሲወጣም አይታሰቡም። ለእነሱ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም፦ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የ1933ቱን ውጊያ ቦታ የሚያመለክት ታፔላ፣ በማንኩሳ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚሸጥበት አንድ ሱቅ፣ በጥር ወር ደግሞ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሞተረኞች ሄልሜታቸውን አድርገው ፈረሰኞቹን ለማየት አብረው እንጅባራ የሚወጡበት አንድ ቀን።