ፍሬው የቱ ነው? የበላነው ወይስ የተፋነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው እንበል። ልጅዎ ኮክ በልታ ጨርሳ፣ በእጇ የቀረውን ጠንካራ ነገር እያሳየችዎ «ፍሬው የቱ ነው? የበላሁት ነው ወይስ ይሄ?» ብላ ትጠይቅዎታለች። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቋንቋችን ራሱ ግራ ያጋባል። ከገበያ የምንገዛው ብርቱካን ፍሬ ነው፤ ስንበላው የምንተፋውንም ፍሬ እንለዋለን። ሁለቱን መለየት ለልጅዎ ጥያቄ መልስ ከመስጠት አልፎ ለጤንነቷም ይጠቅማል።

ሁሉም ከአበባ ይጀምራል

በአበባ መሃል ዘር የሚቋጠርበት ትንሽ ከረጢት አለ፤ የዕጽዋት ባለሙያዎች ኦቫሪ ይሉታል። አበባው ከረገፈ በኋላ ይህ ከረጢት እያደገ ይሄዳል። ያደገው ከረጢት በሙሉ ፍሬ ይባላል፤ ውስጡ ያለው ደግሞ ዘር ነው።

የፍሬው ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው። ኮኩን ይመልከቱ፦ ውጫዊው ንብርብር ስሱ ልጣጭ ነው፤ መካከለኛው የምንበላው ሥጋ ነው፤ ውስጠኛው ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረው ቅርፊት ነው። ዘሩ ያለው ከቅርፊቱ ውስጥ ነው። ማንጎም እንዲሁ ነው። ቡናችንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፦ ቀይ ልጣጭ፣ የሚያሙለጨልጭ ጣፋጭ ሥጋ፣ ከዚያ ደረቅ ሽፋን አለው። ቆልተን የምንወቅጠው ዘሩን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ እሸት ቡና ውስጥ ሁለት ዘር ይገኛል።

በብርቱካን ላይ መልኩ ይለወጣል። ቢጫው ልጣጭ ውጫዊው፣ ነጩ ስፖንጅ መሳይ መካከለኛው ሲሆን፣ የምንበላቸው ጭማቂ የሞላባቸው ክፍሎች የውስጠኛው ንብርብር ናቸው።

የማይመስሉ ዘመዳሞች

በዚህ መለኪያ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና አቮካዶ ሁሉም ፍሬ ናቸው። ካሮት ግን ሥር፣ ጎመን ቅጠል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1893 እ.ኤ.አ. ቲማቲም ለቀረጥ ሲባል አትክልት ነው ብሎ ወስኗል፤ ምክንያቱም ሰዎች የሚበሉት ከዋናው ምግብ ጋር ነው። የዕጽዋት ሳይንስ ግን ዛሬም ፍሬ ይለዋል።

ሙዝና ቲማቲም በሳይንሱ «ቤሪ» ከሚባለው ምድብ ናቸው። ስሙ ላይ ቤሪ ያለበት ስትሮቤሪ ግን ከምድቡ ውጭ ነው! ቀዩ ሥጋ የአበባው መቀመጫ ያበጠ ነው፤ እውነተኞቹ ፍሬዎች ላዩ ላይ የተበተኑት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። የፖም ሥጋም በአብዛኛው ከኦቫሪው ዙሪያ ካለው የአበባ ክፍል ያደገ ነው፤ ኦቫሪው የምንጥለው መሃሉ ነው።

ለወላጆች ጥንቃቄ

የኮክ ቅርፊት ሲሰበር ለውዝ የሚመስል ዘር ይወጣል። ልጆች እንዳያኝኩት ይጠንቀቁ፤ አሚግዳሊን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው ሲታኘክ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ያወጣል። የፖም ዘርም ይኸው ንጥረ ነገር አለው፤ ሆኖም ልጅዎ ሳታኝክ አንድ ሁለት ብትውጥ አይደንግጡ፣ ጠንካራው ሽፋኑ ሳይፈጭ ይወጣል። ለሕፃናት ትልቁ ስጋት መታነቅ ነው። ስለዚህ ኮክም ሆነ ማንጎ ሥጋውን ቆራርጠው፣ ቅርፊቱን አስወግደው ይስጧቸው።

እስቲ አብራችሁ ሞክሩ

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ፖም፣ አንድ ብርቱካንና አንድ ቲማቲም ያዘጋጁ። ቢላውን እርስዎ ይያዙ፤ ሁሉንም በወገባቸው አግድም ይቁረጡ። የፖሙ መሃል ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ ልጣጩን፣ ሥጋውንና ዘሩን እያሳዩ ይንገሩዎት፤ ከዚያም በወረቀት ላይ ይሳሉት።

የልጅዎ ጥያቄስ? «ልጣጩም፣ የበላሽውም፣ ጠንካራው ቅርፊትም አንድ ላይ ፍሬ ናቸው፤ ነገ ዛፍ የሚሆነው ዘር ግን ከቅርፊቱ ውስጥ ተደብቋል» ይበሏት። ግቢ ካላችሁ ደግሞ አብራችሁ ቅበሩት።